ስንዴ መሮጥ አልነበረባትም

ውድ አባዬ፣

እማዬ "ጻፊለት፤ በስልክ እንደሆነ አፉን አይከፍትም" ስትለኝ ሳቄ መጣ። የእኔን ጽሑፍ አንብበህ አይደል አፍህን የዘጋኸው? ግን ሌላ መንገድ አጣሁ። ከተማውን ለቃችሁ አጎቴ ጋ ከገባችሁ ስድስት ወር ሊሞላ ነው። በእነዚህ ወራት ካንተ የሰማሁት ድምፅ ቢኖር እማዬ ስልኩን ስታነሳ ከኋላዋ የሚመጣው ሳልህ ብቻ ነው። እውነቱን ስለጻፍኩ ያኮረፍከኝ ይመስለኝ ነበር። እኔም በበኩሌ አኩርፌ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው የምውለው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ። የምታውቀውንም ቢሆን፣ በእኔ በኩል እንዴት እንደነበር ስማኝ።

የእሁዱን የፈረስ እሽቅድምድም ግምገማ በጋዜጣው ላይ መጻፍ ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋጣ ለጋጣ እዞራለሁ። ፈረሶቹ ሲራመዱ አያለሁ፣ ከአሰልጣኞቹ ጋር አወራለሁ፣ ከሰዓት ቢሮ ገብቼ በየሩጫው የተሻለ ዕድል ያላቸውን ፈረሶች ከነምክንያታቸው እጽፋለሁ። ሰው እሱን አንብቦ፣ ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ ሜዳው ይመጣል። ይህን ዓይን ከማን አገኘሽው ሲሉኝ "ከአባቴ" እላለሁ። ሌላማ ምን እላለሁ? ገና ጥርሴን ሳልነቅል ነው ከብረት አጥሩ አጠገብ አቁመህ "አንገቷ ማማሩን ተይው። የኋላ ሰኮናዋ የፊቷ የረገጠበት ላይ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? እሱን ንገሪኝ" የምትለኝ። ልክ ስሆን "እህ" ትላለህ። ስሳሳት ምንም አትልም። ሜዳው ላይ "ዝምታው" የሚል ስም ያወጡልህ ሰዎች አልተሳሳቱም። ፈረስ ማየት የተማርኩት ያቺን "እህ" ለመስማት ስል ነው፤ ይህን ነግሬህ አላውቅም።

ጸሐፊ ስሆን "እህ" ቀረች። እማዬ ስትነግረኝ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር ታነባለህ፤ የእኔ ገጽ ላይ ስትደርስ ግን አጥፈህ መነጽርህን ላዩ ላይ ታስቀምጣለህ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ "አየሁት" አላልከኝም። እኔም አልጠየቅኩህም። በዚህ በዚህ ልጅህ መሆኔን ማንም አይጠራጠርም።

ያ ቅዳሜ ዝናብ ዘንቦበት ያደረ ነበር። ሜዳው ለስልሷል፤ ቦት ጫማዬ በየእርምጃው ይዋጣል። በመጀመሪያ የጅራፍ ጋጣ ሄድኩ። ጅራፍን ታውቀዋለህ፣ ያ ጥቁሩ ድንጉላ። አሰልጣኙ ገና ከሩቅ ሲያየኝ "ጻፊ! ነገ የኛ ፈረስ ብቻውን ነው የሚገባው፤ ሌሎቹ ለፎቶ ይምጡ!" አለኝ። ጅራፍ ግን ቆሞ ያልበዋል። ሳይሮጥ የሚያልበው ፈረስ ጉልበቱን እዚያው ጋጣው ውስጥ እንደሚጨርስ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ከዚያ ካፊያን አየሁ፤ ግራጫው፣ ሰፊ ሰኮና ያለው፣ ጭቃ የማይበግረው። ትንሽ ወፍሯል፤ አሰልጣኟም አልደበቀችኝም። "ምግብ ይወዳል፣ ምን ላድርገው? እኔም እወዳለሁ" ብላ አሳቀችኝ። እየሳቅኩ ነበር የአንተ ጋጣ በር የደረስኩት።

ባልደራሱ ስንዴን እየቦረሿት ነበር። "ግቢ ልጄ" አሉኝ። "አባትሽ ከባዝራዋ ባለቤት ጋር ሚዛን ክፍል ነው።" ሌላ ጋዜጠኛ ቢሆን በሩ ላይ ያቆሙት ነበር። እኔን ያስገቡኝ ልጅህ ስለሆንኩ ነው። ይህን ያዝልኝ፤ ትልቁ ነገር እዚህ ነው።

ስንዴ አጃዋን አጋምሳ ትታዋለች። እሷ ደግሞ ባልዲ ልሳ የምታጸዳ ባዝራ ናት። ግራ የፊት እግሯን ትንሽ ወደፊት አውጥታ፣ ክብደቷን ከሱ ላይ አንስታ ቆማለች። ቁጢጥ ብዬ ከጉልበቷ በታች፣ ከኋላ በኩል ያለውን ጅማት ያዝኩት። ይሞቃል። ቀኙን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። ተመልሼ ግራውን ስይዝ እግሯን ሳብ አደረገችው።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ባልደራሱ ብሩሹን እያዩ "ልጄ፣ እባክሽ" አሉኝ።

በዚህ መሃል ገባህ። ቁጢጥ ብዬ ስታየኝ ምን እንዳገኘሁ ገባህ።

"አባዬ፣ ጅማቷ ይሞቃል።"

"ትናንት ሠርታ ነው።"

"ትናንት አላሠራሃትም። ሐሙስ ነው ያሠራሃት።"

ባልዲው ውስጥ እጅህን መታጠብ ጀመርክ። ብዙ ታጠብክ። ከዚያ ሳታየኝ "እዚህ ያየሽው እዚሁ ይቅር። እኔ አለሁ" አልከኝ።

"እኔ አለሁ" ያልከውን እኔ "ምን አገባሽ" ብዬ ሰማሁት። እንዲህ ሰምቼው ነው የወጣሁት። ደህና ዋልም አላልኩህም።

ቢሮ ስገባ ዋና አዘጋጁ ሰዓቱን እያየ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሩጫዎች እንደ ውኃ ጻፍኳቸው። በአንደኛው ሩጫ ገና የሚጀምሩት ወጣቶች ስለሆኑ መነሻው ላይ የማትደናገጠው ቡላዋ ትሻላለች አልኩ። ሦስተኛው ላይ ሁሉም የሚያወራለት ቦራው ፈረስ ደረቅ ሜዳ እንጂ ጭቃ አይችልም አልኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ትልቁ ሩጫ፣ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር፣ ስምንት ፈረሶች። በመጀመሪያ "ስንዴ፣ ካፊያ፣ ጅራፍ" ብዬ በተራ አስቀመጥኳቸው። ማንም የሚያስቀምጠው እንደዚያ ነበር። አየሁት። እጄ ላይ ያ ሙቀት ገና አለ። አጠፋሁት።

የጻፍኩትን ታስታውሰዋለህ፤ ግን በእጄ ልድገመው። "ከስምንቱ ፈጣኗ ስንዴ ናት፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ትናንት ጠዋት በባልደራሷ ፈቃድ ጋጣዋ ገብቼ ግራ የፊት እግሯን በእጄ ዳስሻለሁ፤ ጅማቷ ታሟል። ስንዴ ዛሬ መሮጥ የለባትም። በጤነኞቹ መካከል ካፊያ ይሻላል።"

ዋና አዘጋጁ አነበበው። "አባትሽ አይደል እንዴ አሰልጣኟ?"

"ነው።"

"ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"ይሄን እንደምታወጪስ?"

ሰዓቱን ጠቆምኩት። እሱም ትከሻውን ሰብቆ ወደ ማተሚያ ላከው።

ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ጥሩ ነበር። ባዝራዋ ብትወድቅስ? ላይዋ ላይ ያለው ጋላቢ፣ ያ ላባው የምንለው የሁለት ልጆች አባት፣ በሰባት ሌሎች ፈረሶች እግር ሥር ቢገባስ? ይህ ውሸት አልነበረም፤ በእውነት ፈርቻለሁ። ግን አባዬ፣ ብቻውን አልነበረም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከማተሚያው በፊት ልደውልልህ እችል ነበር። አነሳሁት፤ ስምህን አየሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ገጽ አጥፈህ ማስቀመጥ አትችልም ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን እንኳ ታነበኛለህ ብዬ። ስምንት ወር ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ይህን ነው።

በማግስቱ ሜዳው ስደርስ ሁሉም ጋዜጣውን ዘርግቶ ነበር። የሜዳው የእንስሳት ሐኪም ስንዴን ሰው ፊት ሶምሶማ አስረግጦ አያት። እግሯ በበረዶ ተጠቅልሎ እንዳደረ ማየት ለሚያውቅ ጠጉሩ ይናገር ነበር። ሐኪሙ ግን ቢዳስሰው ቀዝቃዛ ነው፤ ብትራመድ አታነክስም፤ "ትሮጣለች" ብሎ ፈረመ። በድምፅ ማጉያው ሲነገር ሰው አጨበጨበ። አንተ ልጓሟን ይዘህ ቆመህ ነበር። ወደ እኔ ዞር አላልክም። እኔ ደግሞ የባለቤቷን ሳቅ አይቼ፣ ሁላችሁም ተስማምታችሁ ለሩጫ ያቀረባችኋት ነው የመሰለኝ።

ላባው ኮርቻውን ታቅፎ ወደ አጥሩ መጣ። "እህቴ፣ የጻፍሽው እውነት ነው?"

"እውነት ነው። አትውጣባት።"

"እኔ ካልወጣሁ ሌላ ሰው ይወጣባታል። እኔ ቢያንስ አውቃታለሁ።" ትንሽ ቆየና "አባትሽ፣ ካስቸገረችህ አቁማት፣ ማንንም አትስማ ብሎኛል" አለኝ። ያኔም አልነቃሁም። እልህ ጆሮ ይደፍናል።

ሩጫውን አንተም አይተኸዋል፤ አላስረዝመውም። ጅራፍ እንደጠበቅኩት ከመነሻው ፈንድቶ ወጣ፤ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ትንፋሹ አለቀ። ካፊያ በጭቃው ውስጥ እንደ ጋሪ እየገፋ አለፈው። በቃ ካፊያ ነው ስል ስንዴ ከውጭ በኩል መጣች። ላባው አልገረፋትም፤ እጁ እንኳ አልተነሳም። ራሷ ነው የመጣችው። በአንገት ቀደመች።

እንደዚያ ዓይነት ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጋዜጣ እየተቀደደ ከበላዬ ይዘንባል። አንዱ ከኋላዬ "እህቴ፣ ለሚቀጥለው እሁድ የማታሸንፈዋን ንገሪን፣ እሷን እናስይዛለን!" አለና መደዳውን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከስንዴ ላይ አላነሳሁም። መስመሩን አልፋ ስትቀንስ አየሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አጭር እርምጃ። ላባው ሳትቆም ከላይዋ ዘለለ። ከዚያ አንተን አየሁ። በሕይወቴ ሮጠህ አይቼህ አላውቅም። ቀጭኑን አጥር አልፈህ፣ በዚያ ንጹሕ ሱሪህ ጭቃው ውስጥ ተንበርክከህ ግራ እግሯን በሁለት እጅህ ያዝክ። ባለቤቷ ዋንጫውን ታቅፎ ለፎቶ እየጠራህ ነው፤ አልሰማኸውም። ሺህ ሰው በሚጮህበት ሜዳ ላይ የሆነውን ያወቅነው አንተ፣ ላባውና እኔ ብቻ ነበርን። ያኔ ቀና ብለህ ፈለግከኝ። አየኸኝ። ቁጣ ነው ብዬ ዓይኔን መለስኩ።

ሰኞ ዕለት በባለቤቷ ትእዛዝ ባልደራሱ ተባረሩ። "በባልደራሷ ፈቃድ" ብዬ የጻፍኳት ቃል በቂ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረውህ የሠሩ ሰው ዕቃቸውን በአንድ ማዳበሪያ ይዘው ወጡ ሲሉኝ ለዋና አዘጋጁ ማስተካከያ ልጻፍ አልኩት። "ምኑን ነው የምናስተካክለው? ውሸት አልጻፍሽ" አለኝ። ትክክል ነበር፤ ውሸት አልጻፍኩም። ከወር በኋላ ደግሞ አንተ ሥራውን ተውክ። "ደከመው" አለችኝ እማዬ። አመንኳት፤ ማመን ይቀለኝ ነበር።

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንት ልምጣ። ባልደራሱን ፈልጌ አገኘኋቸው። ስምንት ወር የፈጀብኝ አድራሻቸው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት በር ይጠብቃሉ። ሰማያዊ ኮት አልብሰዋቸዋል፤ እጅጌው ይረዝማቸዋል። ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ነበር የተመኘሁት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

"ምን ይቅርታ ያስፈልጋል ልጄ? ቁጭ በይ።" ወንበራቸውን ለኔ ሰጥተው እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "አባትሽ እንዴት ነው? ያስላል አሁንም?"

"ያስላል። አያናግረኝም።"

የኮታቸውን እጅጌ ጠቀለሉ። "አስምሎኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ግን እኔም አርጅቻለሁ። ይዤው ብሞት ለማንም አይጠቅም።"

ከዚያ ነገሩኝ። እኔ ያን ቅዳሜ ተቆጥቼ እንደወጣሁ፣ አንተ "ጠዋት ትኩሳት አላት ብዬ ከሩጫው አወጣታለሁ፤ ማንም አይጠይቅም" እንዳልካቸው። ባለቤቷ፣ ታማለች ከተባለ፣ ማንም ለሰጠው ሸጦ እንደሚገላገላት ስለምታውቅ፣ ትኩሳት ብለህ ሁለት ወር ልታሳርፋት፣ በጸጥታ ልታድናት አስበህ እንደነበር። እሁድ ጠዋት ከሩጫው የምታወጣበትን ወረቀት ይዘህ የሜዳው ቢሮ ስትገባ ባለቤቷ ቀድሞህ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደጠበቀህ።

"'ዛሬ ካወጣሃት የታመመች ፈረስ ደብቄ ነበር ማለቴ ነው' አለው" አሉኝ ባልደራሱ። "'ልጅህ ሌባ አድርጋኛለች፤ ትሮጣለች፤ ሐኪም እጠራለሁ' አለው። አባትሽ ለመነው። አባትሽ ሰው ሲለምን አይቼ አላውቅም። እንቢ አለ። እግሯን በበረዶ ያሰሩትም የሰውዬው ሰዎች ናቸው፤ እኛን ከማታው ጀምሮ ጋጣው አላስጠጉንም። ጋዜጣው ሊወጣ እንደሆነ ከማተሚያ ቤት አስቀድሞ ሰምቷል።"

"ለምን አልነገረኝም?"

"እኔም ይህንኑ ነው የጠየቅኩት። 'እውነቱን ነው የጻፈችው። ባዝራዋን ያስሮጣት ጽሑፏ መሆኑን ካወቀች ከእንግዲህ እጇ ይፈራል። አትንገራት' አለኝ።"

አባዬ፣ ያ በር ላይ ተቀምጬ የትምህርት ቤቱ ደወል እስኪደወል አለቀስኩ። ባልደራሱ መሐረባቸውን ሰጡኝ፤ ሰው ሲመጣ "የእህቴ ልጅ ናት፣ ጥርሷን አሟት ነው" እያሉ ያስተባብሉልኝ ነበር።

ሁሉንም መልሼ አየሁት። ጭቃው ውስጥ ሆነህ ቀና ስትል ቁጣ ያልኩት ነገር ቁጣ አልነበረም። ደህና መሆኔን ነበር የምታየው። ባለቤቷ ስንዴን በስድስት ሳምንት ውስጥ መልሰህ አስሩጣት ሲልህ እንቢ ብለህ ሥራህን እንደለቀቅክ፣ ጅማቷ የተበጠሰውን ባዝራ ወደ አንድ ፈረስ አርቢ እንዲልካት እስኪስማማ ድረስ በየቀኑ በሩ ላይ እንደቆምክለት፣ ይህንንም ከሳቸው ነው የሰማሁት። በሕይወት አለች አሉኝ። አታነክስም፤ ግን አትሮጥም።

ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ ብቻ ብዘጋው ይቀለኝ ነበር። ግን አንተ ጋ ግማሽ ነገር አይሠራም። እውነቱን በመጻፌ አልጸጸትም። ሌላ እሁድ፣ ሌላ አሰልጣኝ፣ ሌላ የሞቀ እግር ቢገጥመኝ መልሼ እጽፈዋለሁ፤ ላባው በሕይወት ለልጆቹ መግባቱ ዕድል እንጂ የማንም ብልሃት አልነበረም። የምጸጸተው ልጅህ ሆኜ ገብቼ ጋዜጠኛ ሆኜ በመውጣቴ ነው። ስልኩን በማስቀመጤ ነው። "አባዬ፣ ልጽፈው ነው፣ ምን አስበሃል?" ብልህ ኖሮ ስንዴ ያን ቀን ጋጣዋ ውስጥ ትውል ነበር። ይህን አውቄ እንዴት እንደምኖር ገና አላወቅኩም። እጄ ይፈራል ብለህ ሰግተህ ነበር፤ አልተሳሳትክም። ያለፈውን ሳምንት ግምገማ አልጻፍኩም። ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ።

የዚህን ሳምንት ግን ትናንት ጽፌዋለሁ። ከሥሩም የባልደራሱን ነገር ጨምሬበታለሁ፤ ያስገቡኝ ጋዜጠኛ ብለው ሳይሆን የአሰልጣኙ ልጅ ብለው እንደነበር፣ እምነታቸውን ያጎደልኩት እኔ እንደሆንኩ። ዋና አዘጋጁ ፊቱን አጨማደደ፤ "ይህ ካልወጣ ግምገማዬም አይወጣም" ስለው አሳለፈው። ሥራቸውን አይመልስላቸውም፤ አውቃለሁ። ስማቸውን ግን ይመልስላቸው ይሆናል።

ያቺን ገጽ ቆርጬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ስድስቱም ሩጫዎች አሉበት። በአራተኛው ላይ በሁለት ፈረሶች መካከል ተቸግሬ ነበር፤ ቀይዋን አስቀድሜያለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። አንብበህ ንገረኝ። ተሳስተሻል በለኝ፣ ተቆጣኝ፣ ከፈለግክ ገጹን ቀዳደው። ዝም ብቻ አትበለኝ። ከእንግዲህ ዝምታህን እኔ እንዳሻኝ መተርጎም እፈራለሁ።

ረቡዕ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ እመጣለሁ። ባልደራሱም ፈቃድ ጠይቀው አብረውኝ ይመጣሉ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አንተ ንገራት።

የምትወድህ ልጅህ